ባለአረንጓዴ በሩ ቤት

የሐምሌ ዝናብ እንግዳ ያበዛል። በሰማንያ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አንድ ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ጋሼ እንድሪስ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው በአንዋር መስጊድ በኩል የሚወርደውን ጎርፍ ሲመለከቱ፣ አንዲት ወጣት ሴት ጋዜጣ በራሷ ላይ አድርጋ እየሮጠች መጥታ በረንዳቸው ሥር ተጠለለች።

«ግቢ ልጄ፣ በረንዳው ያንጠባጥባል» አሉ፣ ማን እንደሆነች ሳያውቁ።

ዞር ስትል የሟች ወንድማቸው ልጅ ሁሪያ ሆና ተገኘች። ጋሼ እንድሪስ ሳቁ። «ይኸው፣ ዝናብ ባይኖር ዘመድም አይኖር። ከረመዳን ወዲህ ዓይንሽን አላየሁትም እኮ።»

«ሥራው ነው ጋሼ፤ የምንሠራው መጋዘን አላልቅ ብሎ ከዱከም መውጣት አቃተኝ። ይቅር ይበሉኝ» አለችና ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል፣ ትከሻዋን ይዘው ቀና አደረጓት።

ሁሪያ ከሕንፃ ኮሌጅ ተመርቃ በአንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ሥራ ተቆጣጣሪ ናት። አጎቷ ደግሞ ከወሎ በልጅነታቸው መጥተው በርበሬ ተራ ውስጥ ያረጁ ነጋዴ ናቸው። ሌላው ገዢ የጆንያውን አፍ ከፍቶ፣ አንድ እፍኝ አንሥቶ፣ አሽትቶ ዋጋ ሲጠራ፣ እሳቸው አፉን ዞር ብለውም አያዩት። ጎንበስ ይሉና የታችኛውን ስፌት በወስፌ ፈትተው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ይከቱታል። ሻጭ ደረቁንና ቀዩን ከላይ፣ እርጥቡንና የሻገተውን ከታች እንደሚያደርግ ገና በጎረምሳነታቸው ከስረው ተምረዋል። ከዚያ ወዲህ የተራው ሰው «እንድሪስ ከታች» የሚል ስም አወጣላቸው። ስፌቱ ተፈትቶ የታየ ጆንያ ደግሞ፣ በሰፈሩ ወግ፣ ገዢውን በቃሉ አይዘውም፤ ከወደደ ይገዛል፣ ካልወደደም ስፌቱን መልሶ ሰፍቶ ይሄዳል።

የዚያን ዕለት ፊታቸውን ያበራው ግን በርበሬ አልነበረም።

«ቤት ልገዛ ነው» አሉ፣ ሁሪያን በጆንያ ላይ አስቀምጠው። «የምኖርበት ሳይሆን የማከራየው ቤት። ነገ ከጁምዓ በኋላ ቀብዱን እሰጣለሁ።»

እዚህ ላይ ስለ ጋሼ እንድሪስ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። አብነት አካባቢ በላባቸው ያሠሯቸው አራት የኪራይ ቤቶች ነበሯቸው። በስድሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ትርፍ ቤት ተብለው ተወረሱና አንድ የሚኖሩበት ቤት ከነግቢው ቀረላቸው። የአራቱም ቤቶች በር አረንጓዴ ነበር። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በዚያ መንገድ ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው ተሻግረው በማዶ ይሄዳሉ። በዚሁ በሰማንያ ሁለት፣ በመጋቢት ወር፣ የግል ሰው ቤት ሠርቶ ማከራየትም መሸጥም ይችላል ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ግን፣ ሽማግሌው እንቅልፍ አጡ። ሰው የጠፋበትን ሲፈልግ የሚመስለውን ሁሉ ያነሣል፤ እሳቸውም እንደዚያ ሆኑ።

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለች ሁሪያ። «የት ነው ቤቱ?»

«ከአብነት ቁልቁል ወርደሽ። የአቶ አገኘሁ ነው፣ የብረታ ብረት ነጋዴው። ከአማቱ የወረሰው ነው። ፊት ለፊት ትልቁ ቤት፣ ከኋላ ሰርቪስ ክፍሎች። በሮቹ ሁሉ አረንጓዴ ናቸው ልጄ። ሳየው ሆዴ ባባ። በየወሩ ኪራዬን እየተቀበልኩ፣ ጁምዓዬን እየሰገድኩ እኖራለሁ።»

 ታላቅን መቃወም በቤታቸው ወግ ቀላል አይደለም፤ የአጎቷም ደስታ እንደ ሕፃን ደስታ ነበር። ሁሪያ ግን «ጋሼ፣ ካልተቆጡኝ አሥራ ሁለት ዛላ በርበሬ ይስጡኝ» አለች።

«ልትወቅጪ ነው?»

«ልቆጥር ነው።»

ሰጧት። አንድ በአንድ ጆንያው ላይ ደረደረቻቸው። «ይሄ የአንድ ዓመት ኪራይ ነው። አንዱ ዛላ አንድ ወር። እርስዎ ስንቱን ነው የሚያገኙት?»

«ሁሉንም ነዋ።»

ሁለቱን አነሣች። «ተከራይ ይወጣል፤ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ባዶውን ይከርማል። የሚታመም አለ፣ ሥራ የሚያጣ አለ።»

«የእኔ ተከራይ አይወጣም። በእኔ ጊዜ ሰው ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።»

«አልጋውን በራሱ ተሸክሞ፣ ሚስቱን አስከትሎ፣ ሳይከፍል ስለጠፋው ሰው እያወሩ የሚያስቁን ታዲያ ማን ናቸው?»

ጋሼ እንድሪስ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እሱ እንኳ ሌባ ነበር፤ እሺ ቀጥዪ።»

«ይቺ ደግሞ ለግብር። እነዚህ ሁለቱ ለጥገና። ቆርቆሮ ይዝጋል፣ ምርጊት ይረግፋል፣ ሽንት ቤት ይሞላል። ተከራይ ይህን አይሠራልዎትም።» አምስቱን ወደ ጎን አደረገቻቸው። ሰባት ቀረ።

ሽማግሌው ሰባቱን ዛላ ትክ ብለው አዩ። ከዚያ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከጆንያው አንድ ዛላ አነሡና ጨመሩበት። «ይሄ ለመልካም ተከራይ ነው።»

«መልካሙም ተከራይ ቆርቆሮ አያሳድስም» አለችና መልሳ አነሣችው። «ሰባት ክፉ አይደለም ጋሼ። ሰባትን አሥራ ሁለት ነው ብሎ መነሣት ነው ክፉው። ለሰባቱ ሲሉ የሚያወጡት ምን ያህል ነው? ገንዘቡስ ከየት ነው?»

«ለሚመጣው ምርት መግዣ ያስቀመጥኩት አለ።»

«በርበሬው ሲደርስ በምን ይገዛሉ?»

«አላህ ያውቃል» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ዝናቡ መልሰው።

«ያስቀመጡት ገንዘብ ብቻ ለቤቱ ይበቃል?»

 ጋሼ እንድሪስ የመሳቢያውን ቁልፍ ከፍተው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና ጭናቸው ላይ አኖሩት። ጨርቁ ሲከፈት የእትዬ ካሚላ የወርቅ አምባሮች ታዩ። ሁሪያ ወዲያው ዐወቀቻቸው። የአጎቷ ሚስት ከደሴ ሙሽራ ሆነው ሲመጡ ያጠለቋቸው ናቸው፤ ቤቶቹ በተወረሱበት ክፉ ዓመት እንኳ ከእጃቸው አልወጡም።

«ምን አሉ እትዬ?»

«እሺም እምቢም አላለችም። እጇን በሳሙና አርሳ አወለቀቻቸው። ማታ ግን ለብቻዋ ስታጉተመትም ሰማኋት፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ትላለች። ነገ ጠዋት ወርቅ ቤት ልወስዳቸው ነበር።» ድምፃቸው ወረደ። እነዚያን አምባሮች ባዩ ቁጥር የሚያፍሩት እፍረት አሁንም መጣባቸው፣ እፍረቱም ቁጣ ሆነ። «አንቺ ልጅ ነሽ። ያጣ ሰው አታውቂም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ልትይኝ ነው አይደል? እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ እኔ በቃሬዛ እሄዳለሁ።»

«እድሜ ይስጥዎ። እኔ አይግዙ አላልኩም» አለች ሁሪያ ረጋ ብላ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ቤቱን መቼ አዩት?»

«ሁለት ጊዜ። በግንቦት።»

«በፀሐይ ማለት ነው። ማን አሳየዎት?»

«ባለቤቱ ነዋ፤ ማን ያሳየኝ?»

«ታዲያ ሻጩ በከፈተልዎት በኩል፣ ሻጩ በመረጠው ቀን አዩት። ጋሼ፣ እርስዎ አንድ ጆንያ በርበሬ እንዲያ አድርገው ገዝተው ያውቃሉ?»

የዚህ ጥያቄ መልስ ለሁለቱም ግልጽ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ወስፌያቸውን ከመደርደሪያው አንሥተው አገላበጡት። «ቤት በርበሬ አይደለም» አሉ በመጨረሻ፣ ራሳቸውም ሳያምኑበት።

«አዎ፣ አይደለም። በርበሬ ቢበላሽ ይደፋል።»

ሽማግሌው አምባሮቹን መልሰው ጠቀለሉና ቆለፉባቸው። ከዚያ ጃንጥላቸውን አነሡ። «ተነሺ። ዝናቡ ሳያባራ እንሂድ» አሉ።

ከአብነት ቁልቁል ሲወርዱ ውኃው ከኋላቸው ይከተላቸው ነበር። ሁሪያ መንገዱን እያየች ነበር የምትሄደው፤ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚታጠፍ፣ የት እንደሚቆም። የአቶ አገኘሁ አጥር ጋ ሲደርሱ አንዲት ጎረቤት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ደጃፋቸው ላይ ያቆረውን ውኃ በመጥረጊያ ይገፋሉ።

«እንደምን ዋሉ እናቴ» አሉ ጋሼ እንድሪስ። «ውኃው አስቸገረዎት?»

«ኧረ ይሄ ምን ውኃ ነው» አሉ ሴትዮዋ፣ እትዬ ቦሰና ነው ስማቸው። «አምና ነበር ማየት። ከላይ ያለው ሰፈር ድንጋይ ካነጠፈ ወዲህ የእነሱ ውኃ የእኛ ሆነ። የአቶ አገኘሁ ፍራሽ ተንሳፎ እኔ ነኝ በዘንግ የሳብኩለት።» ይህን ያሉት በተንኮል አልነበረም። የሰፈር ሰው ስለ ዝናብ ሲጠየቅ ያየውን ይናገራል፤ እስከዚያ ቀን ግን ጋሼ እንድሪስ ጎረቤት አልጠየቁም ነበር።

አቶ አገኘሁ በሩን ሲከፍቱ እንግዶቻቸውን አይተው ደነገጡ። ከጎጃም የመጡ፣ ዝምተኛ፣ በሰፈሩ ክፉ ስም የሌላቸው ሰው ናቸው።

«ጋሼ እንድሪስ፣ በዚህ ዝናብ? ነገ አልነበር ቀጠሯችን?»

«ስፌቱን ልፈታ መጣሁ» አሉ ጋሼ እንድሪስ።

አቶ አገኘሁ መርካቶ የኖሩ ሰው ስለሆኑ ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ዛሬ አይመችም ብለው ሊመልሷቸው ይችሉ ነበር። ግን ከበሩ ዞር አሉ። «ይግቡ» አሉ።

አረንጓዴዎቹ በሮች በዝናቡ ታጥበው ከግንቦቱ ይልቅ ያምሩ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ዓይናቸውን በግድ ከበሮቹ ላይ አነሡ። ከኋላ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ውስጥ ሲገቡ ወለሉ ረጥቧል፤ በአንደኛው ጥግ ከግድግዳው ሥር ውኃ ቀጭን ሆኖ ይገባል። ሁሪያ ግን ወለሉን ትታ ግድግዳውን ታይ ነበር። ኖራው ከላይ ቆይቷል፣ ጥላሸትም አለበት፤ ከወገብ በታች ያለው ግን ትኩስና ነጭ ነው።

«ይፈቅዱልኛል?» ብላ አቶ አገኘሁን አየቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። በቤቷ ቁልፍ ቀስ አድርጋ ስትፍቀው፣ ከኖራው ሥር ውኃው ቆሞበት የነበረው ቡናማ መስመር ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ጭቃው በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።



«ለምን አልነገርከኝም አገኘሁ?» አሉ ጋሼ እንድሪስ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘኑ ሰው አነጋገር ነበር።

«አልጠየቁኝም ጋሼ። ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ የጠየቁኝ ስለ በሮቹ ነው። ማን ቀባቸው፣ መቼ ተቀቡ ብቻ ነበር ጥያቄዎ።» አቶ አገኘሁ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ኖራውን ግን እኔ ነኝ ያስቀባሁት። በሱ አፍራለሁ።»

ይህ ቃል ጋሼ እንድሪስን ከጎርፉ መስመር ይልቅ መታቸው። እውነት ነበር። ሕይወታቸውን ሙሉ ከታች ሲያዩ የኖሩ ሰው፣ አንድ ጊዜ ልባቸው ሲናፍቅ ላይ ላዩን አይተው ሊሄዱ ነበር፤ የካሚላን እጅ ባዶ አድርገው።

«ቃል ሰጥቼህ ነበር» አሉ።

«በተራችሁ ወግ፣ ስፌቱ ተፈትቶ የታየ ጆንያ ገዢውን አይዝም ይባላል። ቃልዎን መልሻለሁ።»

ሁሪያ በላይኛው አጥር በኩል ዞር ብላ ተመለሰችና «አቶ አገኘሁ፣ ቤቱ የማይድን አይደለም» አለች። «በላይ በኩል ጥልቅ ቦይ አስቆፍረው ውኃውን ወደ መንገዱ ቢያዞሩት፣ የታችኛውን ግድግዳ በድንጋይ ቢያስነሡት ይደርቃል። ያኔ ኖራ ሳይቀቡ በክረምት ይሽጡት። ዋጋም ያወጣል።» አቶ አገኘሁ አመስግነው እስከ መንገድ ሸኟቸው።

ሲመለሱ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ጋሼ እንድሪስ ብዙ ከተራመዱ በኋላ «እንግዲህ እኔ ቤት የሚባል ነገር አይኖረኝም ማለት ነው» አሉ። ሐዘናቸውን አልደበቁም።

«ማን አለ? ግቢዎ ውስጥ ያ አሮጌው የበርበሬ መጋዘን አለ አይደል? ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ውኃ አይደርስበትም። ማዘጋጃ ቤትና ቀበሌ ሄደን ፈቃድ እንጠይቅ። አዋጁ አዲስ ነው፣ ምን እንደሚፈቅድ በወሬ ሳይሆን ከአፋቸው እንስማ። ከፈቀዱ መጀመሪያ አንድ ክፍል፣ በንግዱ መነሻ ሳይሆን በትርፉ። እሱ ሲያልቅ ሁለተኛውን።»

«ሁለት ክፍል?» ጋሼ እንድሪስ ቆሙ። «አራት ቤት የነበረኝ ሰው ሁለት ክፍል?»

«አራቱን በስንት ዓመት ነበር የሠሯቸው?»

ሽማግሌው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቤት ጭቃ ራሳቸው ነበሩ የረገጡት። ሁለተኛውን የጀመሩት የመጀመሪያው ከቆመ ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው። ሦስተኛው አጋማሽ ላይ ቆሞ ሁለት ክረምት ያለ ክዳን ዝናብ ጠጥቷል።

«ወደ አሥራ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ» አሉ።

«ታዲያ የአሥራ ስድስት ዓመቱን በአንድ ጁምዓ ሊመልሱት ነው?»

 የፈረሰ ሐሳብ ሲሸከሙት ይከብዳል፤ ሲያስቀምጡት ግን ትከሻ ያርፋል። አንዋር መስጊድ ጋ ሲደርሱ ጋሼ እንድሪስ «ጥገናው ላይ ሁለት ዛላ ነው ያልሽው?» ብለው ጠየቁ።

«ሁለት።»

«ሦስት አድርጊው። እኔ የቆርቆሮ ነገር አውቃለሁ።»

ያን ማታ እትዬ ካሚላ ፊት ጨርቁን ፈትተው አምባሮቹን አንድ በአንድ መልሰው አጠለቁላቸው። «ይቅር በይኝ» አሉ። እትዬ ካሚላ ትንሽ አለቀሱ፤ ከዚያም እራት አቀረቡ።

እንዲህም ሆነ። ፈቃዱ ከብዙ ምልልስ በኋላ ወጣ። የበርበሬው መነሻ ባለመነካቱ ምርቱ ሲደርስ ጋሼ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ገዙ፣ አተረፉም፤ ከትርፉም አሸዋና ድንጋይ መጣ። መሠረቱ ሲጣል ሁሪያ በየሳምንቱ እየመጣች ታየው ነበር። እሳቸው ደግሞ እሷ ያላሰበችውን አከሉ፤ ተከራይ የሚሸሸው ከሽንት ቤት እንጂ ከኪራይ አይደለም ብለው ሽንት ቤቱን አስቀድመው አሠሩ። እሷም ይህን ከአጎቷ መማሯን ለባልደረቦቿ አወራች። ገንዘብን በሚያውቁት ነገር ላይ፣ በሚችሉት መጠን ማዋል ምን እንደሚጠቅም በዚያ ግቢ ታየ፤ ንግዱ አልተናጋም፣ ቤተሰቡ አልተጨነቀም፣ በግንባታው መሐል ሲሚንቶ በጠፋ ጊዜም ሥራው ቆሞ ጠበቀ እንጂ ዕዳ አልወለደም።

በመጋቢት ሰማንያ ሦስት ሁለቱ ክፍሎች አለቁ። በሮቹ አረንጓዴ ተቀቡ። ቀለሙን የመረጠው ማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

የመጀመሪያዋ ተከራይ ልትሆን የመጣችው ሱሀይር የምትባል ወጣት ነርስ ነበረች። የበልግ ዝናብ እያካፋ ነበር። ግቢው ውስጥ እንደገባች ቆማ በሮቹን አየች። «ደስ ሲሉ» አለች። «አባቴ፣ ሌላ ማየት አልፈልግም። ይሄን እከራያለሁ።»

ጋሼ እንድሪስ ፈገግ አሉ። ጎንበስ ብለው የክፍሉን በር ወለል አድርገው ከፈቱት።

«ቆይ ልጄ» አሉ። «በሩን ተይውና ነይ፣ መጀመሪያ ከታች እይው።»

እትዬ ካሚላም ከኋላ መጥተው፣ ልጅቷ የወለሉን ደረቅነት በእጇ ነክታ እንድታይ፣ አምባሮቻቸውን እያንሿሹ የተነጠፈውን ምንጣፍ ገለጥ አደረጉላት።